ከበሩ አጠገብ ያሉት ጆንያዎች

ጋሽ ይስማው ማረፋቸውን የሰማሁት አምበር፣ አንድ የዘር ድንች ማከማቻ ቤት ውስጥ ቁጢጥ ብዬ ድንች ስቆርጥ ነው። የደወለልኝ ደብረ ማርቆስ ቢሮ አብሮን ይሠራ የነበረው ጌትነት ነው። «ስመኝ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አለኝ። ቁጭ ብያለሁ አልኩት። «ጋሽ ይስማው ዛሬ ጠዋት አረፉ። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው።» እንዳለቅስለት እየጠበቀ መሆኑ ገብቶኛል። እኔ ግን «ነፍስ ይማር» ብዬ በእጄ የያዝኩትን ድንች ለሁለት ከፈልኩት። ንጹሕ ነበር።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ጌትነት፣ ለቅሶዬን ጠብቆ ሲያጣው። «የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ እንድታነቢ እትዬ አበዛሽ ጠይቀዋል። ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም ነው ያሉት። ዋና ዋናውን እኔ ጽፌዋለሁ፤ አንቺ የምታውቂውን ጨምሪበት።»

እትዬ አበዛሽ ባለቤታቸው ናቸው። ከመስክ ስንመለስ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ቤታቸው ስገባ፣ ጫማዬን ራሳቸው ተቀብለው የሚያጥቡልኝ ሴት ናቸው። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ስልኩን ዘግቼ ከቦርሳዬ አንድ የናሙና ቅጽ አወጣሁና በጀርባው «የማውቀው» ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓቱን ሙሉ ከዚያች ቃል በቀር ሌላ አልመጣልኝም።

ሥራችን የዘር ድንች መመርመር ነበር። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ ተጠግተው ያሉ ገበሬዎች ለዘር የሚሆን ድንች ያመርታሉ። ያ ድንች ለሌላው ገበሬ ከመከፋፈሉ በፊት ጤነኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል። ክፉው በሽታ አጠውልግ ይባላል። የያዘው ድንች ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ቆርጠው ጫን ሲያደርጉት ነው ወተት የመሰለ ነገር የሚያወጣው። አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ደግሞ ማሳው ለዓመታት የድንች ማሳ አይሆንም። ታዲያ የመቶ ጆንያ ድንች ሁሉ ተቆርጦ አይታይ ነገር፤ ሁሉም ከተቆረጠ ምኑ ይተከላል? ጥቂቱን ቆርጠን ስለ ሁሉም እንፈርዳለን። እንጀራችን ይኸው ነበር።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ የመጀመሪያውን ምርመራ ብቻዬን እንድሠራ አለቃዬ ጋሽ ይስማው ወደ አንድ ማከማቻ ቤት ላኩኝ። እሳቸው ከድንቹ ባለቤት ጋር ደጅ ቆመው ያወራሉ። እኔ ገብቼ አራት ጆንያ ከፈትኩ፣ ከየጆንያው ቆረጥኩ፣ ሁሉም ንጹሕ። ኮራ ብዬ «በሽታ የለበትም» ብዬ ጻፍኩና መንገድ ጀመርን። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ጋሽ ይስማው እንደ ዋዛ፣ «የትኞቹን ነው የከፈትሽው?» አሉኝ።

«ከበሩ አጠገብ ያሉትን አራቱን።»

«ለምን እነሱን?»

«ብርሃን አለ ብዬ ነው።»

ፊታቸውን አዙረው በመጣንበት ጭቃ መመለስ ጀመሩ። እኔም ተከተልኳቸው። የኋለኛውን ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ጆንያ ራሳቸው አውርደው፣ ቀንድ እጀታ ባላት ትንሽ ቢላቸው አንዱን ድንች ቆርጠው በአውራ ጣታቸው ጫኑት። ነጭ ጠብታ ወጣ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ከበሩ አጠገብ ያለ ጆንያ ለእንግዳ የተቀመጠ ነው» አሉኝ። «አንቺ ደግሞ እንግዳ አይደለሽም።»

ዘዴያቸው ቆባቸው ነበር። ቡናማ፣ ጠርዙ የተበላ የሱፍ ቆብ። ማከማቻ ቤት ስንገባ መጀመሪያ በጆንያዎቹ ላይ በከሰል ቁጥር እንጽፋለን። ያንኑ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፈን፣ ጠቅልለን ቆቡ ውስጥ እንጨምረዋለን። ጋሽ ይስማው ነቅነቅ አድርገው ለድንቹ ባለቤት ይዘረጉለታል። «ራስህ አውጣ» ይሉታል። «በኋላ መርጠው ጎዱኝ እንዳትል፣ እኔም መርጬ እንዳልጠቅምህ።» የወጣው ቁጥር ከሥር የተቀበረ ጆንያ ከሆነ በላዩ ያለው ሁሉ ይነሣል። ገበሬው ያጉረመርማል፣ እኔም በሆዴ አጉረመርማለሁ፤ እሳቸው ራሰ በራቸውን በነጠላ ሸፍነው ቆመው ይጠብቃሉ።

ይህ ነገር ከሥራም አልፎ ጠባይ ሆኖባቸው ነበር። ዳቦ ገልብጠው ሥሩን ሳያዩ አይቆርሱም። ሮብ ገበያ ሽንኩርት ሲገዙ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ቁልሉ ውስጥ ከተው ከታች ነው የሚያወጡት። ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው «ቁልል አፍራሹ መጡ» ይባባላሉ። አንዷማ አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ሽንኩርት ነው የሚገዙት ወይስ የጠፋ ቀለበት ነው የሚፈልጉት?» ብላ ጮኸችባቸው። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ፤ ከእሷው ገዝተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ደንበኛዋ ሆኑ፣ መቆፈራቸውን ግን አልተዉም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከላይ የመጣ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የአንዱን ቀበሌ ገበሬ ሰነፍ ነው አለ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ጋሽ ይስማው እጃቸውን አወጡ።

«ስንት ቤት ገብተው አዩ፣ ጌታዬ?»

«ሦስት ቤት አይቻለሁ።»

«የት የት ያሉ ናቸው?»

«መኪናው የሚደርስበት፣ መንገድ ዳር።»

«እንግዲያው መንገድ ዳር ያሉ ሦስት ሰዎች ሰነፎች ናቸው ይበሉ። የቀረው ሰው ገና አልታየም።»

ሰውየው ፊቱ ቀላ። ጋሽ ይስማው ግን ክፉ የተናገሩ አልመሰላቸውም፣ ቁጭ ብለው ቆሏቸውን መቆርጠም ቀጠሉ። ያን ቀን በእሳቸው ምክንያት እኔም ትንሽ ከፍ ያልኩ መሰለኝ። ሰባት ዓመት እንዲህ አብሬያቸው ሠራሁ። ቢሮ ውስጥ «የጋሽ ይስማው ጥላ» ይሉኝ ነበር፣ ደስ ነበር የሚለኝ።

ይህን ሁሉ በቅጹ ጀርባ ጻፍኩት። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ቀጥሎ ያለውንም አይቻለሁ፤ እሱ ግን ለቀብር አይሆንም።

ሁለት ዓመት ሆነው። ሽባባው የሚባል የታወቀ የዘር ድንች አምራች ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከማከማቻው አንድም የታመመ ድንች አልወጣም። በዚያ ዓመት የእሱ ዘር የሚከፋፈለው ለእኔው አገር ሰዎች፣ ሮብ ገበያ አጠገብ ወንድሜ ምናለ ላለበት ቀበሌ ነበር። እኔ የኮሌጅ ጓደኛዬ እናቷ ሞተውባት ደብረ ወርቅ ለቅሶ ሄጃለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ነው የተመለስኩት። ቢሮ ስገባ ጋሽ ይስማው ለቅሶው እንዴት እንደነበር ጠየቁኝ፣ ስለ ጓደኛዬ አዘኑ፣ ከዚያ አንድ ቅጽ ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «የሽባባው ነው፤ አይቼዋለሁ። ናሙና ወሳጅ በሚለው ላይ እንደ ወትሮው ስምሽን ጽፌዋለሁ፣ ፈርሚበት።»

ቆሜ ፈረምኩ። ሻንጣዬን እንኳ ከትከሻዬ አላወረድኩም።

በሳምንቱ ምናለ ደወለ። «ይኸን የሽባባውን ድንች አይታችሁታል? ልውሰድ?»

«አይተነዋል፣ ውሰድ» አልኩት። እኔ እንዳላየሁት ያን ጊዜ ትዝም አላለኝ። እሳቸው ካዩት እኔ ያየሁት ያህል ነበር።

ወንድሜ ሁለት ጥማድ ተከለ። ጎረቤቱ ሁሉ «እህቱ አይታዋለች» እያለ ወሰደ። በዚያ አገር ድንች ማለት እህል እስኪደርስ ክረምቱን የሚያሻግር ምግብ ነው። ሰኔ ላይ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቀን ቀን መጠውለግ ጀመረ። ምናለ አንዱን ግንድ ቆርጦ፣ እኔው እንዳስተማርኩት ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አቆመው። ነጭ ክር እየሆነ ወደ ውኃው ወረደ። ደውሎ የነገረኝ ይህንን ብቻ ነው፣ ሌላ አልጨመረም።

በኋላ እንደተጣራው፣ ሽባባው በዚያ ዓመት ምርቱ አንሶበት ከቆላ ገበያ ድንች ገዝቶ ሞልቶበታል። የተገዛው ከኋላ፣ የራሱ ከበሩ አጠገብ ነበር የተቀመጠው።

ሐምሌ ላይ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ሽባባው ያጠፋውን አወቅን። ከእናንተ በኩል ናሙናውን የወሰደው ማን ነው?» አሉ። ጋሽ ይስማው መነጽራቸውን አውጥተው በነጠላቸው ጠረጉ፣ ቅጹን ገለጡ። እኔ ከአጠገባቸው ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። አሁን ይናገራሉ፣ እኔ እንዳልነበርኩ ያስረዱልኛል ብዬ እየጠበቅኩ ነው።

«ናሙና ወሳጅ፣ ስመኝ» ብለው አነበቡ። «ፊርማዋም አለ።»

በዝናቡ ምክንያት ከኋላ ያሉት «አልሰማንም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ምናለ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ነበር፣ እሱ ብቻ አላየኝም፣ መሬት መሬት ያያል። ምን እላለሁ? ፊርማው የእኔ ነው። «አይተነዋል» ያልኩትም እኔ ነኝ። ደግሞም ጋሽ ይስማውና እኔ የተለያየ ነገር ብንናገር፣ በዚያ አገር እኔን የሚያምን አንድ ሰው አይገኝም።

ስንመለስ ሚኒባስ እስክንሳፈር ድረስ የእግር መንገድ አለ። ዝናቡ አባርቷል። ጋሽ ይስማው እንደ ወትሮው ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው ዘረጉልኝ። አልተቀበልኳቸውም።

«ለምን?» አልኳቸው።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ይረሳልሻል» አሉ። «እኔ ጡረታ ልወጣ የቀረኝ ዓመት ተኩል ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሁሉ በአንድ ቀን ሊጠፋ ነው?»

«ቁጥር አላወጡም?»

«ጉልበቴን አሞኝ ነበር። አራቱን ከፍቼ አየኋቸው።»

«የትኞቹን አራቱን?»

እርምጃቸውን አፈጠኑ። እኔም አልለቀቅኳቸውም፣ መንገዱን ዘግቼ ቆምኩ። «ያን ቀን ቆቤን አላወለቅኩም» አሉ በመጨረሻ። «ሽባባው እኮ ነው፣ ስመኝ። ዘጠኝ ዓመት ንጹሕ የነበረ ሰው። አሥረኛው ይበላሻል ብሎ ማን ያስባል?»

«እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አልኳቸው።

ቆሎውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ በኋላ እስከ ማርቆስ አልተነጋገርንም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ነበር የተቀመጥነው።

ብዙ ሳይቆይ ወደ አምበር አዛወሩኝ። ምክንያቱ አልተጻፈም። አገሬ ስገባ የሰፈሩ ሰው «ናሙና መጣች» ይለኛል፤ አንዳንዱ ለቀልድ፣ አንዳንዱ ከልቡ። እናቴ ሰው ፊት ስለ ሥራዬ ማንሣት ተወች። ምናለ አልተጣላኝም፣ መጣላቱን እመርጥ ነበር። የሆነ ነገር ስነግረው፣ መንገዱ ተዘጋ ብለው፣ እገሌ ታሟል ብለው፣ ረጋ ብሎ «ራስሽ አይተሻል?» ይለኛል። እውነቱን አልነገርኩትም። ጋሽ ይስማው አንድ ቀን ራሳቸው ሄደው ይነግሩታል እያልኩ ስጠብቅ ሁለት ዓመት አለፈ።

ሞኝነቴ ይገርመኛል። ሰባት ዓመት አየኋቸው ብዬ ሰውየውን አወቅኋቸው አልኩ። መቼ መቼ አየኋቸው? እኔ ባለሁበት ብቻ። እኔ በሌለሁበት የሚሠሩት ይስማው አንድ ቀን እንኳ ከቆቡ ወጥተውልኝ አያውቁም። ድንች እንዳይሸውደኝ ባስተማሩኝ ሰው በራሳቸው ተሸወድኩ። ከድተውኛል። ሞተውም ከድተውኛል፤ ስሜን ሳይመልሱልኝ ነው የሄዱት።

በማግስቱ ከአምበር የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ማርቆስ ገባሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ሞልቶ ነበር፤ የሽንኩርት ሻጮቹ ሳይቀሩ ከሮብ ገበያ መጥተዋል። ምናለም መጥቷል። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ተደግፎ ከፊት ቆሟል። እሱ ዘንድ ጋሽ ይስማው የተከበሩ ነበሩ፤ ወደዚያ ለሥራ በወጡ ቁጥር ቤቱ ሳይገቡ አያልፉም።

ጌትነት የተጻፈውን ወረቀት ሰጠኝ። እኔ የጻፍኩትን ከእሱ ጋር አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ቆቡ ጋ ስደርስ ሰው ፈገግ አለ፣ ሽንኩርቱ ጋ ስደርስ ሻጮቹ እየሳቁ አለቀሱ። እትዬ አበዛሽ በሰው ተደግፈው ከፊቴ ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸውን ከአፌ ላይ አልነቀሉም። ከዚያ የጌትነት የመጨረሻ መስመር መጣ። «በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ሳያዩ አይተናል፣ ሳይመረምሩ መርምረናል ብለው አያውቁም።»

ቆም አልኩ። እዘለዋለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። እትዬ አበዛሽ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ቀጥይ እንደማለት። አነበብኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ወረቀት ላይ ያለውን፣ ውሸት መሆኑን እያወቁ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ማንበብ፤ ይህንንም ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

ከቀብር በኋላ ወደ መነኻሪያ ስሄድ ምናለ ከኋላዬ ደረሰብኝ። ጥቂት አብረን ሄድን።

«ያነበብሽውን ራስሽ አይተሻል?» አለኝ።

«ከበሩ አጠገብ ያሉትን አይቻለሁ» አልኩት።

«ምን ማለት ነው?»

«ጋሽ ይስማው ሽባባው ዘንድ ከበሩ አጠገብ ያሉትን አራት ጆንያዎች ብቻ ከፍተው ነው የሄዱት። እኔ ያን ቀን ደብረ ወርቅ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ሳላይ ፈረምኩ። አይተነዋል ያልኩህ እሳቸውን አምኜ ነው።»

ምናለ ቆመ። ዱላውን አስፋልቱ ላይ ተክሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው።

«እኔ ደግሞ አንድ ወረቀት ተነበበልኝና አንቺ ላይ ፈረድኩ» አለ። «እሳቸውን አንድ ቀን ልጠይቅ አላልኩም። ባለፈው ፋሲካ እኮ ቤቴ መጥተው ነበር። ጠቦት አርጄ ነው የተቀበልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

መናገሩ ከበደው። «‹ስመኝን አትቀየማት፤ ልጅ ናት፣ ልጅ ያጠፋል› አሉኝ። እኔም እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ፤ ምን ዓይነት ደግ ሰው ናቸው ብዬ።»

ስልኩን ስሰማ ያልወጣ፣ ቀብሩ ላይ ያልወጣ እንባ እዚያ መንገድ መሐል ወጣ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ተንሰቀሰቅኩ። ከኋላችን ሲመጣ የነበረው ጌትነት ሮጦ ደረሰና ትከሻዬን ያዘኝ። «አልቅሺ፣ አልቅሺ ስመኝ፣ ይውጣልሽ» አለኝ። ወደ ምናለም ዞር ብሎ፣ «እንደ አባቷ ነበር እኮ የምትወዳቸው» አለው።

ምናለ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርዶ በራሱ ትከሻ ላይ አንጠለጠለው። «የሮብ ገበያው መኪና ሊወጣ ነው፣ ነይ» አለኝ። «ለእናታችን ራስሽ ትነግሪያታለሽ።»